ከጠረጴዛው ሥር

ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ፣
ሌሊቱን በአውቶቡስ፣ ንጋቱን በጀልባ ተጉዤ፣
ከሳንቲያጎ ቺሎዌ ደሴት ደረስኩ በሰኔ፣
ዝናቡ ከትከሻዬ አልፎ እስከ ጎኔ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤
ስድስት ልጆች፣ አንድ ምድጃ፣ የማገዶ ክምር በጓሮ፤
ኤዱቪና፣ ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ የቆየች፣
«ጫማህን አውልቅ፤ ወለሉ ይጮሃል» አለች።
ሌላ የአቀባበል ቃል አልነበራትም።
የመደረቢያዋ ኪስ የድሃ ሱቅ ይመስላል፤
ቁልፍ፣ ጥጥ፣ ደወል፣ የገመድ ቁራጭ፣ የፈለጉት ይገኛል።

እኔ ደብተር ነበረኝ፤ አዲስ፣ ባለ መስመር፣
ለዚህ ሥራ የሚያሻውን አንድ ሁለት ብዬ ልቆጥር።
«ትዕግሥት» ብዬ ጻፍኩ፣ ገና ሳልጠይቃት።
አየችው። ሳቅ ቢጤ አመለጣት።
«ትዕግሥትማ ድንጋይም አለው፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤
ማንን እንደሚጠብቅ ግን መች ያውቃል?»

ሊንኮያን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቃል አያወጣም፤
ሲጠሩት አይመጣም፣ ሲሸኙት አይወጣም፤
የሚወደው አንድ ነገር፣ የዓሣ አጥማጅ ገመድ፤
ሲቋጥር ሲፈታ ይውላል፣ ጣቱ እስኪነድ።

በሦስተኛው ቀን በረዶ ወረደ፤
ቆርቆሮው እንደ ሺህ ማንኪያ ባንዴ ነጎደ።
ሊንኮያን ጆሮውን ይዞ ከጠረጴዛ ሥር ገባ፤
እኔም ተከተልኩት፣ በለስላሳ ቃል ላግባባ፣
«አይዞህ፣ ምንም የለም» እያልኩ፣ እጁን ስቤ።
ነከሰኝ።
ያልገባኝ እኔ ነበርኩ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ።
«ምንም የለም አትበለው» አለች፣ ቁስሌን እያሰረች፣
«ለሱ ጆሮ እኮ ሰማይ ተሰንጥቃ ወደቀች።»

ከዚያ የሚያማትን ጉልበት አጥፋ፣ በደረቷ ተስባ፣
አጠገቡ ተኛች፣ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ።
አልነካችውም። አላወራችውም።
ከኪሷ ገመድ አወጣች፤ ቋጠሮ ጀመረች፤
ሆን ብላ አሳሳተች፣ ጫፉን በግራ አጠፈች።
እሱ አየ። (በረዶው ገና ይወርዳል።)
የተሳሳተ ቋጠሮ አይችልም፤ ያንገበግበዋል።
አንድ እጁን ከጆሮው አነሳ። ቆየ። መለሰ።
እንደገና አነሳ። ገመዱን ዳሰሰ።
ከዚያ ሁለቱንም ጆሮ ለበረዶው ትቶ፣
ቋጠሮዋን አረመላት፣ ከሥሩ ፈትቶ።

መምህሩ ማን እንደነበር እስካሁን አለየሁም፤
እኔ ግን፣ ቆሜ ሳይ፣ ተማሪ እንኳ አልነበርሁም።

ማታ፣ የት እንደተማረችው ብጠይቃት፣
«ከጣቶቹ» አለች። «አንድ ክረምት ሙሉ አየኋቸው።» ደክሟት፣
ምድጃው ዳር ጉልበቷን እያሸች፣
ለሚኒስቴሩ ስለ ኮርኒስ አምስተኛ ደብዳቤ ጻፈች።
ለአራቱ መልስ አልመጣም። እሷም ቁጭ ብላ አልጠበቀች፤
ቅዳሜ ከበግ አርቢዎች ሱፍ ለምና ጣሪያው ሥር ጠቀጠቀች፤
እኔ መሰላል ይዤ፣ እሷ ሚስማር በጥርሷ ነክሳ፣
ደብዳቤ ላይ የማይጻፍ ስድብ ተሳድባ፣ ስድቡን በጸሎት ክሳ።

ቅድስት አይደለችም። አንድ ማክሰኞ ዓይነ ስውሯ ማይተን
ብሬሉን ሰባቴ ብትስት፣ ጮኸችባት፤ ሁላችንንም ጸጥ አሰኘን።
ወጣች ወደ ዝናቡ። ስትመለስ ጠጉሯ ይንጠባጠባል፤
«ጥፋቱ የኔ ነው፤ በበረደው ጣት ነጥብ መች ይነበባል?»
አለችና፣ ሁለቱን ትንንሽ እጆች ይዛ፣
እስከ ምሳ አሞቀቻቸው፣ የቀኑን ትምህርት ሰርዛ።

ደብተሬ ከዚያች አንዲት ቃል አላለፈም።
ነሐሴ ላይ ገልጬው ልጽፍ ስዘጋጅ፣
ገመድ ገጹ ላይ አረፈ፤ ቀና ብል፣ ያው ልጅ።
ቋጠሮው ስሕተት ነበር፣ ጫፉ በግራ የታጠፈ፤
ሊንኮያን ስቶ አያውቅም። እንደ ልማዱም አላለፈ፤
ፊቴን አላየም፤ እጄን አየ፤ ጠበቀ።
ብዕሬን አስቀመጥኩ።
ክዳኑ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።